የተነፈገ ካሳ፣ ያልተዘጋ መዝገብ፦ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የጉዳት ካሳ ይግባኝ

በአሜሪካ የጦር ኃይል አገልግሎ የተሰናበተ ሰው፣ በአገልግሎቱ ምክንያት የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ከደረሰበት፣ ከፌዴራሉ መንግሥት ከግብር ነጻ የሆነ ወርኃዊ ካሳ የማግኘት መብት አለው። መብቱን የሚያስፈጽመው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ተገልጋዮቹ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ቪኤ» የሚሉት ተቋም፣ የቀረበለትን ጥያቄ መርምሮ ሙሉ በሙሉ ይፈቅዳል፣ በከፊል ይፈቅዳል ወይም ውድቅ ያደርጋል። ጥያቄው ውድቅ የተደረገበት ሰው የሚደርሰውን የውሳኔ ደብዳቤ እንደ መጨረሻ ፍርድ ቆጥሮ ጉዳዩን ሊተወው ይችላል፤ በሕጉ ዐይን ግን ደብዳቤው መዝገቡን የሚዘጋ ሳይሆን፣ መብቱን ለማረጋገጥ ከሚያስፈልጉት ነጥቦች መካከል የትኛው እንደጎደለ በጽሑፍ የሚያስታውቅ ሰነድ ነው። የይግባኙ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ይህ ደብዳቤ በጥሞና በመነበቡ፣ ለጎደለው ነጥብ የሚስማማው የይግባኝ መንገድ በመመረጡና ቀነ ገደቡ በመጠበቁ ነው።

የመብቱ ታሪክ

የዛሬው ሥርዓት ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ባሕርዩን መረዳት ያስቸግራል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1862፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ለጡረታና ለካሳ ጥያቄ የሚከፈለውን የጠበቃ ክፍያ በ5 ዶላር የወሰነ ሲሆን፣ በ1864 ወደ 10 ዶላር ከፍ አድርጎታል። የገደቡ ዓላማ ቁስለኛውን ወታደር ከስግብግብ ጉዳይ አስፈጻሚዎች ለመጠበቅ ነበር፤ ነገር ግን ገንዘቡ ዋጋውን እያጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይለወጥ በመቆየቱ፣ በተግባር ወታደሩን ያለ ጠበቃ የሚያስቀር ሆነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1985 የ10 ዶላሩ ጣሪያ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጋጭ ወሰነ።

ይግባኝ የሚሰማው አካል፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ቦርድ፣ በ1933 በፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ዘመን ቢቋቋምም፣ ቦርዱ ራሱ የአስተዳደሩ ክፍል ከመሆኑ በላይ ውሳኔውን ፍርድ ቤት እንዳይመረምረው ሕግ ይከለክል ነበር። ስለዚህ ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች፣ ከኮሪያና ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች መሥሪያ ቤቱ «አይገባችሁም» ካላቸው የካሳ ውሳኔውን የሚያስመረምሩበት ዳኛ አልነበራቸውም። ይህ የተለወጠው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በኖቬምበር 1988 በፈረሙት ሕግ ሲሆን፣ ሕጉ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተለየ ፍርድ ቤት አቋቁሟል፤ የጠበቃ ክፍያውንም ጣሪያ አላልቷል። ፍርድ ቤቱ ዛሬ የቀድሞ ወታደሮች የካሳ ጥያቄ ይግባኝ ፍርድ ቤት ተብሎ ይጠራል።

ያም ሆኖ ጉዳዮች በመሥሪያ ቤቱና በቦርዱ መካከል እየተመላለሱ ለብዙ ዓመታት መጓተታቸው አልቀረም። በቀድሞው አሠራር ይግባኝ የሚጓዘው በአንድ መስመር ብቻ ስለነበርና በየመሃሉ አዲስ ማስረጃ ሊገባ ይችል ስለነበር፣ አንድ መዝገብ ደጋግሞ ወደ ኋላ የሚመለስበት አጋጣሚ ብዙ ነበር። ምክር ቤቱ በኦገስት 2017 ያጸደቀውና ከፌብሩዋሪ 19 ቀን 2019 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የይግባኝ ማሻሻያ ሕግ ይህን አንድ መስመር አስቀርቶ በሦስት መንገዶች ተካው። ለውጡ ሂደቱን ለማፋጠን የታሰበ ሲሆን፣ የመንገድ ምርጫውን ግን በባለ ጉዳዩ ላይ ጥሏል፤ የዛሬው ይግባኝ ባይ ከቀድሞው ይልቅ ስለ ሕጉ ማወቅ የሚኖርበትም በዚህ ምክንያት ነው።

መረጋገጥ ያለባቸው ሦስት ነጥቦች

የጉዳት ካሳ የሚከፈለው ጉዳቱ «ከአገልግሎት ጋር የተያያዘ» መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ለዚህም ሦስት ነጥቦች ያስፈልጋሉ፦ አንደኛ፣ ጠያቂው አሁን በሕክምና የተረጋገጠ ሕመም ወይም ጉዳት ያለበት መሆኑ፤ ሁለተኛ፣ በአገልግሎት ላይ ሳለ አደጋ፣ ሕመም ወይም ለጎጂ ነገር የመጋለጥ ሁኔታ የደረሰበት መሆኑ፤ ሦስተኛ፣ የአሁኑ ሕመም ከዚያ ክስተት የመጣ መሆኑ፣ ማለትም በሁለቱ መካከል የምክንያትና የውጤት ትስስር መኖሩ ነው። ከአንድ ጉዳት የተነሣ ሌላ ጉዳት ሲከተል፣ ለምሳሌ ከአገልግሎት ጋር በተያያዘ የጉልበት ጉዳት ምክንያት አረማመዱ የተዛባ ሰው በኋላ ወገቡን ቢታመም፣ ሁለተኛው ሕመም የመጀመሪያው ተከታይ መሆኑን በማስረዳት ካሳ ሊጠየቅበት ይችላል።

የማስረዳት ሸክሙ ከሌሎች ክርክሮች የቀለለ ነው። በተራ የፍትሐ ብሔር ክርክር ከሳሽ የሚረታው ማስረጃው ከተከሳሹ የሚያመዝን ሲሆን ነው፤ በወታደሩ የካሳ ጉዳይ ግን የሁለቱ ወገን ማስረጃ እኩል ሲሆን እንኳ ጥርጣሬው ለጠያቂው እንዲተረጎም ሕጉ ያዛል። ከዚህ የተነሣ አንድ ሐኪም ሕመሙ ከአገልግሎት የመጣ ለመሆኑ «ቢያንስ ሃምሳ በመቶ ዕድል አለው» የሚል አስተያየት ሰጥቶ ምክንያቱን ካስረዳ፣ አስተያየቱ ከሚፈለገው ልክ ደርሷል ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የጠያቂውን የአገልግሎትና የሕክምና ሰነዶች ለማግኘት የሚቻለውን ጥረት የማድረግ፣ እንዳስፈላጊነቱም የሕክምና ምርመራ የማዘዝ ግዴታ አለበት፤ ይህ ግዴታ ሳይፈጸም የተሰጠ ውሳኔ በይግባኝ ሊነቀፍ ይችላል።

ትስስሩን በግል ማስረዳት አስቸጋሪ በሆነባቸው ሁኔታዎች ሕጉ «የሕግ ግምት» ያስቀምጣል፤ ይህም ወታደሩ በተወሰነ ቦታና ጊዜ ማገልገሉ ከተረጋገጠና በዝርዝር የተቀመጠ ሕመም ካለበት፣ ሕመሙ ከአገልግሎቱ እንደመጣ ይቆጠራል ማለት ነው። በቬትናም ጦርነት ለተረጨው «ኤጀንት ኦሬንጅ» ለተባለው ቅጠል አርጋፊ ኬሚካል የተጋለጡ ወታደሮች በ1991 በወጣ ሕግ እንዲህ ያለ ጥበቃ አግኝተዋል። በኦገስት 10 ቀን 2022 የጸደቀውና «ፓክት አክት» የሚባለው ሕግ ደግሞ ጥበቃውን ቆሻሻ በግልጽ ሜዳ ይቃጠልባቸው በነበሩ የጦር ሰፈሮች ጭስ ለተጋለጡ ሰዎች አስፍቶ፣ ልዩ ልዩ የካንሰርና የመተንፈሻ አካል ሕመሞችን በዝርዝሩ አካቷል። ከተሸፈኑት ቦታዎች መካከል ኢራቅ፣ አፍጋኒስታን፣ ኩዌትና ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከምሥራቅ አፍሪካም ሶማሊያና ጅቡቲ ይገኙበታል። ከ2022 በፊት «ትስስሩ አልተረጋገጠም» ተብሎ የተመለሰ ሰው፣ ሕመሙ አሁን በዝርዝሩ ውስጥ ካለ፣ በተለወጠው ሕግ መሠረት ጥያቄውን እንደገና ማቅረብ ይችላል።

የጉዳቱ ከአገልግሎት ጋር መያያዝ ከታመነ በኋላ መጠኑ ከዜሮ እስከ 100 በመቶ በአሥር በአሥር እየከፈለ በሚወጣ ሠንጠረዥ ይለካል። ብዙ ጉዳቶች ያሉበት ሰው መቶኛዎቹ በቀጥታ አይደመሩለትም፤ እያንዳንዱ ተከታይ ጉዳት የሚሰላው ከቀረው ጤናማ ክፍል ላይ ነው። በዚህም ስሌት 50 በመቶና 30 በመቶ ጉዳት ያለበት ሰው 80 ሳይሆን 65 በመቶ ያገኛል፤ ይህም ወደ ቅርቡ አሥር ተጠጋግቶ 70 በመቶ ይሆናል። በዲሴምበር 2024 ሥራ ላይ በዋለው ሠንጠረዥ 10 በመቶ ለተፈረደለት ሰው በወር 175 ዶላር ገደማ፣ 100 በመቶ ለተፈረደለትና ጥገኛ ቤተሰብ ለሌለው ደግሞ 3,831 ዶላር ገደማ ይከፈል ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከፍተኛ በመሆኑ፣ ይግባኝ የሚባለው ካሳ ሙሉ በሙሉ ሲከለከል ብቻ ሳይሆን የተሰጠው መቶኛ ከጉዳቱ ሲያንስም፣ ክፍያው የሚጀምርበት ቀን ሲሳሳትም ጭምር ነው።

የውሳኔው ደብዳቤ አነባበብ

ማሻሻያው ሕግ መሥሪያ ቤቱ በውሳኔ ደብዳቤው ውስጥ ሊያሰፍራቸው የሚገቡትን ነገሮች ዘርዝሯል፦ የተወሰኑትን ጭብጦች፣ የተመረመሩትን ማስረጃዎች፣ የተጠቀሱትን ሕጎች፣ ለጠያቂው የሚጠቅሙትን የፍሬ ነገር ግኝቶች፣ ያልተሟላውን ነጥብ፣ እንዲሁም የተሰጠው መቶኛ ዝቅተኛ ከሆነ ለቀጣዩ ደረጃ የሚያስፈልገውን መስፈርት። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ልዩ ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው ለጠያቂው የሚጠቅመው ግኝት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ለምሳሌ «ጠያቂው አሁን የመስማት ችግር አለበት» ብሎ አንድ ጊዜ ከተቀበለ፣ ግልጽና የማያሻማ ስህተት መሆኑ ካልታየ በቀር ቀጣዮቹ መርማሪዎችም በዚያ ግኝት ይታሰራሉ፤ ስለዚህ ይግባኝ ባዩ የታመነለትን ነጥብ እንደገና ለማስረዳት መድከም የለበትም። ሁለተኛው ያልተሟላው ነጥብ ነው፤ የይግባኙ ጉልበት በሙሉ ሊውል የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ ውድቅ የሚደረግባቸው ምክንያቶች ብዙ ቢመስሉም በአብዛኛው ከሦስቱ ነጥቦች አንዱ ላይ ያርፋሉ። የሕመሙ ማረጋገጫ ከሌለ የሚያስፈልገው የሐኪም ምርመራ ነው፤ በአገልግሎት ላይ የደረሰው ነገር ካልታመነ የሚፈለገው የአገልግሎት ሰነድ ወይም የምስክርነት ቃል ነው፤ ትስስሩ ካልታመነ ደግሞ በምክንያት የተደገፈ የሕክምና አስተያየት ነው። ከዚህ ሌላ፣ ጠያቂው በመሥሪያ ቤቱ ለታዘዘለት ምርመራ ያለ በቂ ምክንያት ሳይቀርብ በመቅረቱ ብቻ የሚወድቅ ጥያቄ አለ። የስንብቱ ዓይነትም መብቱን ሊያሳጣ ይችላል፤ በክብር ያልተሰናበተ ሰው የስንብቱ ሁኔታ ለካሳ የሚያበቃው መሆኑ አስቀድሞ ይመረመራል። አንዳንድ ጊዜ ግን ማስረጃው በመዝገቡ ውስጥ እያለ መርማሪው ሳያየው ያልፋል ወይም ሕጉን በተሳሳተ መንገድ ይተረጉማል፤ በዚህ ጊዜ የጎደለው ማስረጃ ሳይሆን ትክክለኛ ምርመራ ነው።

ሦስቱ የይግባኝ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ማሟያ ጥያቄ ሊባል ይችላል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው «አዲስና አግባብነት ያለው» ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ አዲስ ማለት ቀድሞ በመዝገቡ ያልነበረ፣ አግባብነት ያለው ማለት ደግሞ በክርክር ላይ ያለውን ነጥብ ለማስረዳት ወይም ለማፍረስ የሚረዳ ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ ማስረጃ በማሰባሰብ የመርዳት ግዴታው በዚህ መንገድ እንደገና ስለሚጸና፣ ጠያቂው ሰነዱ ያለበትን ቦታ ጠቁሞ መሥሪያ ቤቱ እንዲያስመጣው ማድረግ ይችላል። ጥያቄው የወደቀው ማስረጃ ጎድሎ ከሆነ ተስማሚው መንገድ ይኸው ነው።

ሁለተኛው መንገድ የበላይ መርማሪ ግምገማ ነው። በዚህኛው አዲስ ማስረጃ አይቀርብም፤ በመጀመሪያው ውሳኔ ያልተሳተፈ ከፍ ያለ ልምድ ያለው ባለሙያ ያንኑ መዝገብ እንደ አዲስ ይመረምራል። ይግባኝ ባዩ ወይም ወኪሉ ከመርማሪው ጋር አንድ ጊዜ በስልክ ተነጋግሮ ስህተቱ የት እንደሆነ ለማመልከት መጠየቅ ይችላል፤ ይህ ንግግር ክርክር የሚደረግበት ችሎት ሳይሆን ስህተቱን በገጽና በቀን ለማሳየት የሚያገለግል አጭር ዕድል ነው። መርማሪው በማስረጃ ማሰባሰቡ ግዴታ ላይ ጉድለት ካገኘ መዝገቡን እንዲስተካከል ይመልሰዋል። ማስረጃው ተሟልቶ ሳለ የተሳሳተ ውሳኔ ተሰጥቶ ከሆነ ይህ መንገድ ይመረጣል፤ የጎደለ ሰነድ ኖሮ ይህን መንገድ መምረጥ ግን ያው መዝገብ ያንኑ ውጤት እንዲሰጥ መጠየቅ ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ ለእነዚህ ለሁለቱ መንገዶች ያስቀመጠው ግብ በአማካይ በ125 ቀናት ውስጥ ውሳኔ መስጠት ነው።

ሦስተኛው መንገድ ጉዳዩን ዋሽንግተን ወደሚገኘው የይግባኝ ቦርድ መውሰድ ነው። ቦርዱ የሕግ ዳኞች ያሉበት ሲሆን፣ ይግባኝ ባዩ ከሦስት መዝገቦች አንዱን ይመርጣል፦ ባለው ማስረጃ ብቻ የሚወሰነውን ቀጥተኛ መዝገብ፣ ይግባኙ በቀረበ በ90 ቀናት ውስጥ አዲስ ማስረጃ የሚገባበትን መዝገብ፣ ወይም ይግባኝ ባዩ በዳኛ ፊት ቃሉን የሚሰጥበትንና ከዚያ በኋላ ባሉት 90 ቀናት ማስረጃ የሚጨምርበትን መዝገብ። ችሎቱ በቪዲዮም ሊካሄድ ይችላል። ለቀጥተኛው መዝገብ የተቀመጠው ግብ 365 ቀናት ሲሆን፣ ማስረጃ የሚጨመርባቸውና ችሎት የሚጠየቅባቸው መዝገቦች ከዚያ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ጭብጡ ውስብስብ የሕግ ትርጉም ያለበት ከሆነ ወይም የይግባኝ ባዩ እምነት የሚጣልበት ቃል ለውሳኔው ወሳኝ ከሆነ ቦርዱ ይመረጣል።

መንገዶቹ እርስ በርስ አይዘጋጉም። ማሟያ ጥያቄው የወደቀበት ሰው ከሦስቱ በአንዱ መቀጠል ይችላል፤ የበላይ መርማሪው የመለሰው ሰው በማሟያ ጥያቄ ወይም በቦርዱ፣ ቦርዱ የመለሰው ሰው ደግሞ በማሟያ ጥያቄ ወይም በፍርድ ቤት ሊቀጥል ይችላል። የማይፈቀደው አንዱን ውሳኔ በበላይ መርማሪ ደጋግሞ ማስገምገም ወይም የቦርዱን ውሳኔ ወደ በላይ መርማሪ መውሰድ ነው።

ማስረጃ ሚዛን የሚደፋው እንዴት ነው?

በብዙ ጉዳዮች ወሳኙ ሰነድ የሐኪም አስተያየት ነው። ለካሳ ጉዳይ የተቋቋመው ልዩ ፍርድ ቤት በተደጋጋሚ እንዳስገነዘበው የአስተያየቱ ክብደት ያለው በመደምደሚያው ሳይሆን በምክንያቱ ነው፤ «ሕመሙ ከአገልግሎት የመጣ ይመስለኛል» የሚል አንድ መስመር የረባ ዋጋ የለውም። ጠቃሚ አስተያየት የሚባለው ሐኪሙ የትኛውን መዝገብ እንዳነበበ የሚናገር፣ ሕመሙ እንዴት እንደሚከሠት በሕክምና ሳይንስ የሚያስረዳ፣ ሌሎች ሊሆኑ የሚችሉ መንሥኤዎችን አንሥቶ የሚመዝንና በመጨረሻ ዕድሉን በሕጉ ቋንቋ የሚገልጽ ነው። ይኸው መስፈርት በመሥሪያ ቤቱ በታዘዘው ሐኪም ላይም ስለሚሠራ፣ የወታደሩን ቃል ከቁም ነገር ሳይቆጥር «በመዝገቡ ስለሌለ አልደረሰም» ብሎ የደመደመ ምርመራ በቂ አይደለም ተብሎ ሊነቀፍ ይችላል።

ሐኪም ያልሆነ ሰው ቃልም የማስረጃ ዋጋ አለው። ሕግ የሚለየው ዕውቀት የሚጠይቀውን ነገር በዐይንና በጆሮ ከሚታወቀው ነው፤ ወታደሩ ራሱ ጆሮው መቼ መጮኽ እንደጀመረ፣ የትዳር ጓደኛው በሌሊት ምን ያህል እንደሚባንን፣ አብሮት ያገለገለ ጓደኛው የተሽከርካሪውን መገልበጥ እንዳየ ሊመሰክሩ ይችላሉ፤ የካንሰርን መንሥኤ ግን በግምት ሊናገሩ አይችሉም። በውጊያ ላይ የነበረ ወታደር በውጊያው ስለደረሰበት ነገር የሚሰጠው ቃል ከአገልግሎቱ ሁኔታ ጋር እስከተጣጣመ ድረስ፣ ኦፊሴላዊ ሰነድ ባይኖርም እንዲታመን ሕጉ ይፈቅዳል። ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ ለሚከሠተው የአእምሮ ጭንቀትም በ2010 የወጣ ደንብ የጠላት ጥቃትን ከመፍራት ለመነጨ ጭንቀት የሚጠየቀውን የሰነድ ማረጋገጫ አቅልሏል።

ሰነድ አለመገኘቱ ሁልጊዜ የወታደሩ ጥፋት አይደለም። በሴንት ልዊስ አካባቢ በሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል በጁላይ 12 ቀን 1973 በተነሣው እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመቱ የአገልግሎት መዝገቦች የጠፉ ሲሆን፣ ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች መዝገብ 80 በመቶ ገደማው ተቃጥሏል። እንዲህ ባለ ሁኔታ መሥሪያ ቤቱ ሌሎች የመረጃ ምንጮችን የመፈለግና ውሳኔውን በተለየ ጥንቃቄ የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ ይግባኝ ባዩም ከዚያ ዘመን የተረፉ ደብዳቤዎችን፣ ፎቶግራፎችንና የጓደኞቹን ቃል ማቅረብ ይችላል።

ቀኑ ገንዘብ ነው

ከይግባኝ ሕጉ ሁሉ ባለ ጉዳዩ በጽኑ ሊይዘው የሚገባው ነጥብ ካሳው መታሰብ የሚጀምርበትን ቀን የሚመለከተው ነው። በመርሕ ደረጃ ካሳ የሚታሰበው ጥያቄው ከቀረበበት ወይም መብቱ ከተገኘበት ቀን፣ ከሁለቱ ከኋለኛው ጀምሮ ነው። ከተሰናበተ በአንድ ዓመት ውስጥ ያመለከተ ሰው ግን ከስንብቱ ማግሥት ጀምሮ ይታሰብለታል። ውድቅ የተደረገበት ሰው የውሳኔው ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሦስቱ መንገዶች በአንዱ ከቀጠለ የመጀመሪያው ቀን ይጠበቅለታል፤ በየደረጃው አንድ ዓመት ሳያልፍ እስከቀጠለ ድረስም ሰንሰለቱ አይበጠስም።

ነገሩን በቁጥር ለማሳየት ያህል፣ አንድ ሰው በጃንዋሪ 2023 ጥያቄ አቅርቦ በዲሴምበር 2023 ውድቅ ተደረገበት፣ በኋላም በማሟያ ጥያቄ በወር 1,000 ዶላር ተፈቀደለት እንበል። ማሟያውን ያስገባው በኖቬምበር 2024 ከሆነ ካሳው የሚከፈለው ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ ነው፤ ያስገባው በፌብሩዋሪ 2025 ከሆነ ግን ክፍያው የሚጀምረው ከማርች 2025 ይሆናል። የሦስት ወር መዘግየት የ25 ወር ክፍያ፣ ማለትም 25,000 ዶላር አሳጣው ማለት ነው። ማሟያ ጥያቄ ከዓመቱ በኋላም ሊቀርብ የሚችል ቢሆንም የበላይ መርማሪና የቦርድ ይግባኝ ግን ቀነ ገደባቸው ካለፈ ይዘጋሉ። ዓመት ያለፈበት የጸና ውሳኔ በአብዛኛው የሚነካው ውሳኔው በተሰጠበት ጊዜ የነበረው ሕግ ወይም ፍሬ ነገር በግልጽና በማያሻማ ሁኔታ በስህተት የተሠራበት መሆኑ ሲታይ ሲሆን፣ ይህን ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው።

ከቦርዱ በላይ

ቦርዱ የነፈገው ሰው ውሳኔው በፖስታ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ120 ቀናት ውስጥ ለልዩ ፍርድ ቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል። እስከዚህ ድረስ መሥሪያ ቤቱ የጠያቂው ረዳት ተደርጎ ሲቆጠር፣ ከዚህ በኋላ ግን ተከራካሪ ወገን ይሆናል፤ የራሱን ጠበቆች ያቆማል፣ አዲስ ማስረጃም አይቀርብም። ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው ቦርዱ ሕጉን በትክክል መተርጎሙንና ለውሳኔው በቂ ምክንያት መስጠቱን ሲሆን፣ ስህተት ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ ካሳውን ራሱ ከመወሰን ይልቅ መዝገቡን ነጥብ ይዞ ወደ ቦርዱ ይመልሳል። ከዚያ በላይ ያሉት የፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤትና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዋናነት የሕግ ጥያቄ ላይ ያተኩራሉ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚህ ዘርፍ ከሰጣቸው ውሳኔዎች ሁለቱ የሥርዓቱን ሁለት ገጽታ ያሳያሉ። በ2011 የኮሪያ ጦርነት ዘመን ወታደር የነበረና በከባድ የአእምሮ ሕመም ይሠቃይ የነበረ ሰው በ15 ቀን ዘግይቶ ያቀረበው ይግባኝ ተመርምሮ፣ የ120 ቀኑ ገደብ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን የሚያሳጣ ጥብቅ ገደብ እንዳልሆነ ተወስኗል። በማርች 2025 ግን ያው ፍርድ ቤት «ማስረጃው እኩል ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው የፍሬ ነገር ምዘና በልዩ ፍርድ ቤቱ የሚታረመው ግልጽ ስህተት ሲታይበት ብቻ እንደሆነ ወስኗል። የኋለኛው ውሳኔ የሚያስተምረው የጥርጣሬው ጥቅም ሊገኝ የሚገባው ከታች፣ ማስረጃው በሚመዘንበት ደረጃ መሆኑን ነው፤ ደካማ መዝገብ ይዞ ወደ ላይ መውጣት ብዙም አያዋጣም።

ረዳትና ዋጋው

በመሥሪያ ቤቱ ዕውቅና የተሰጣቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት፣ ለምሳሌ በ1919 የተመሠረተው «አሜሪካን ሊጅን» እና በ1920 የተመሠረተው የአካል ጉዳተኛ አሜሪካውያን ወታደሮች ማኅበር፣ በነጻ ይወክላሉ። ጠበቆችና ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች ደግሞ ገንዘብ ሊጠይቁ የሚችሉት የመጀመሪያው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ለሚሠሩት ሥራ ነው፤ ክፍያው ከተጠራቀመው ካሳ 20 በመቶ ካልበለጠ ተገቢ እንደሆነ፣ ከሲሶ (33⅓ በመቶ) በላይ ከሆነ ደግሞ ተገቢ እንዳልሆነ ይገመታል። በፍርድ ቤት ደረጃ የመክፈቻው 50 ዶላር አቅም ለሌለው ሊቀርለት የሚችል ሲሆን፣ ይግባኝ ባዩ ሲረታና የመንግሥት አቋም በቂ ምክንያት ያልነበረው ሆኖ ሲገኝ የጠበቃውን ወጪ መንግሥት ይሸፍናል። ያለ ዕውቅና እየሠሩ ከወደፊቱ ወርኃዊ ካሳ ድርሻ የሚጠይቁ ድርጅቶች ስላሉ፣ ውል ከመፈረም በፊት የወኪሉን ዕውቅና በመሥሪያ ቤቱ የተመዘገቡ ወኪሎች ዝርዝር ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች

ይህ ሕግ በአሜሪካ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ማኅበረሰብ ባዕድ አይደለም። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ስደተኞች በአሜሪካ ጦር መመዝገብ የሚችሉ ሲሆን፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ሳይኖራቸው በሕጋዊ መንገድ በአሜሪካ ለሚገኙ፣ ተፈላጊ ቋንቋ ወይም ሙያ ላላቸው የውጭ ዜጎች በ2008 በተፈቀደው ልዩ የምልመላ ፕሮግራም አማርኛ ከተፈላጊዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። የካሳው መብት በትውልድ ሀገር አይለይም፤ ካሳ የተፈረደለት ሰው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ቢኖርም ክፍያው ሊቀጥል ይችላል፤ በኢትዮጵያ ሆስፒታል የተሰጠ የሕክምና ማስረጃም ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ሊቀርብ ይችላል።

ለዚህ ማኅበረሰብ የሚከብደው ምናልባት የሕጉ ውስብስብነት ሳይሆን ሕመምን፣ በተለይም የአእምሮ ሕመምን፣ ከመናገር የመቆጠብ ልማድ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ በአገልግሎት ላይ ሳለ ለሐኪም ያልተነገረ ሕመም በመዝገብ ስለማይገኝ ኋላ ላይ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነጥብ ማስረዳትን ያከብደዋል። ክፍተቱ ግን የማይሞላ አይደለም፤ የትዳር ጓደኛ፣ የወንድም፣ የነፍስ አባት ወይም የአገልግሎት ጓደኛ ሰውየው ከመሄዱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ ያዩበትን ለውጥ በቀንና በቦታ ለይተው በጽሑፍ ቢሰጡ፣ ሐኪሙ አስተያየቱን የሚያሳርፍበት መሠረት ያገኛል።

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲጠቃለል፣ የይግባኝ ሥርዓቱ ለወታደሩ የሚያደላ ቢሆንም አድልዎው ራሱን በራሱ የሚያስፈጽም አይደለም። የጥርጣሬው ጥቅም፣ የማስረጃ እርዳታው፣ የሕግ ግምቱና የተጠበቀው ቀን ሁሉም የሚሠሩት ባለ ጉዳዩ የጎደለውን ነጥብ ለይቶ፣ ለእርሱ የሚስማማውን መንገድ መርጦና ዓመቱ ሳያልፍ ቅጹን አስገብቶ ሲገኝ ነው። በመንገድ ምርጫ የተሳሳተ ሰው ቀኑን እስከጠበቀ ድረስ በሌላው መንገድ ሊታረም ይችላል፤ ቀኑን ያሳለፈ ሰው ግን እውነቱ ኋላ ቢታመንለት እንኳ ያለፈውን ክፍያ በአብዛኛው አያገኘውም። ስለዚህ ውድቅ የተደረገበት ወታደር የመጀመሪያ ተግባር በደብዳቤው ራስጌ ላይ የሰፈረውን ቀን መመዝገብና ከዚያ ላይ አንድ ዓመት መቁጠር ነው።